የጨረራ መጠናችሁን የማወቅ መብትና በደንቡ ላይ አስተያየት መስጠት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ደረታቸው ላይ የጨረራ መጠን የሚለካ ባጅ ሰክተው ከጨረራ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። የኑክሌር ሕክምና ቴክኖሎጂስቶች አሉ፣ የካንሰር ክፍል ነርሶች አሉ፣ ሬዲዮአክቲቭ መድኃኒት የሚያመላልሱ ሾፌሮች አሉ፣ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለጥገና ሲዘጋ ለጥቂት ሳምንት የሚቀጠሩም አሉ። ብዙዎቹ ስለ ደሞዛቸው ሁሉንም ያውቃሉ፤ ሰውነታቸው ስለተቀበለው ጨረራ ግን ምንም። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው። የኑክሌር ደንብ እኔን ምን አገባኝ?

ያገባችኋል። የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤንአርሲ የሚባለው፣ የሚቆጣጠረው ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎችን ብቻ አይደለም። ለታይሮይድ የሚሰጠው አዮዲን 131፣ ለልብና ለአጥንት ምርመራ የሚወጋው ቴክኒሺየም፣ የቧንቧ ብየዳ የሚፈተሽበት ኢሪዲየም፣ ሁሉም በዚሁ ደንብ ሥር ናቸው።

አንድ ልዩነት ግን እወቁ። ተራ የኤክስሬይና የሲቲ ማሽን በኤንአርሲ ሥር አይደለም፤ እሱን የሚቆጣጠረው ግዛቱ ነው። ሌላም አለ። አብዛኞቹ ግዛቶች ከኤንአርሲ ጋር ስምምነት ፈርመው የሬዲዮአክቲቭ ቁሶችን ቁጥጥር ራሳቸው ይዘውታል። ሜሪላንድ ከ1971 ጀምሮ፣ ቨርጂኒያ ከ2009 ጀምሮ እንደዚህ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ስለሌለው እዚያ ያለ ሆስፒታል ፈቃዱን የሚያገኘው በቀጥታ ከኤንአርሲ ነው። የፌዴራል ሆስፒታሎችም፣ ለምሳሌ የጦር ሠራዊትና የአርበኞች ሆስፒታሎች፣ የትም ግዛት ይሁኑ በኤንአርሲ ሥር ናቸው። የኃይል ማመንጫዎችም እንዲሁ።

ስምምነት የፈረሙት ግዛቶች ደንባቸው ከኤንአርሲው ጋር እንዲጣጣም ይጠበቅባቸዋል። ኤንአርሲ ደንብ ሲቀይር አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዓመት ውስጥ እነሱም ይቀይራሉ። ስለዚህ ሮክቪል ሜሪላንድ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት የሚወሰነው ነገር ዞሮ ዞሮ ሲያትልም፣ ዳላስም፣ ሚኒሶታም ይደርሳል።

አሠሪዬ ምን ምን ሊነግረኝ ግዴታ አለበት?

ዋናው ደንብ ክፍል 19 ይባላል። ከ1973 ጀምሮ ያለ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ስለ ሠራተኛ ነው፤ ምን ይነገረዋል፣ ምን ይለጠፍለታል፣ ምን ሪፖርት ይሰጠዋል።

በዓመት ከ100 ሚሊረም (ሚሊረም የጨረራ መጠን መለኪያ ነው) በላይ ሊያገኝ ይችላል ተብሎ የሚገመት ሠራተኛ ሥልጠና ሊሰጠው ይገባል። የት የት ጨረራ እንዳለ፣ ጤናው ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል፣ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ አደጋ ሲደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነገረዋል። የጨረራ መጠኑን ሪፖርት የመጠየቅ መብት እንዳለውም የዚያው ሥልጠና አካል ሆኖ ሊነገረው ይገባል። ሠራተኛውም የራሱ ድርሻ አለበት፤ ደንብ ወደ መጣስ የሚያመራ ነገር ሲያይ ወዲያው ለአሠሪው መናገር አለበት።

ፎርም 3 የሚባል ማስታወቂያም ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ያውም ሠራተኛው ወደ ሥራው ሲገባና ሲወጣ በሚያየው ቦታ። መብታችሁ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ከጨረራ ጋር በተያያዘ አሠሪያችሁ ደንብ ጥሷል ተብሎ ከኤንአርሲ ደብዳቤ ከመጣለትም፣ ደብዳቤው በደረሰው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ሊለጥፈው ይገባል። ቢያንስ 5 የሥራ ቀን፣ ጥፋቱ ካልታረመ ደግሞ እስኪታረም ድረስ እዚያው ይቆያል። የሚቀጥለው ፈረቃችሁ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ቆም ብላችሁ አንብቡት።

ባጅ እለብሳለሁ። ውጤቱን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ይሄ ይፈቀዳል?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። መልሱ ደስ አይልም፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ደንቡ ክትትል የሚደረግለት እያንዳንዱ ሠራተኛ በየዓመቱ የጨረራ መጠኑ እንዲነገረው ያዝ ነበር። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ወረቀቱ ይመጣል። በ2006 ኤንአርሲ ይሄን የሚቀይር ረቂቅ አወጣ፣ ለሕዝብ አስተያየት አቀረበው፣ በታኅሣሥ 2007 አጸደቀው። ከዚያ በኋላ ዓመታዊው ሪፖርት ሳይጠየቅ የሚሰጠው በዓመቱ ከ100 ሚሊረም በላይ ላገኘ ሰው ብቻ ሆነ። ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ሪፖርቱን የሚያገኘው ራሱ ከጠየቀ ነው።

ምክንያታቸው የወረቀት ሥራ መቀነስ ነበር። ትንሽ ጨረራ ላገኘ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ሪፖርት ማዘጋጀት ብዙ ሥራ አለው፣ ደኅንነትን ደግሞ አይጨምርም የሚል ነው። ክርክሩ ይገባኛል። አሠሪው መዝገቡን አያጠፋም፣ ሠራተኛው ሊያየው ከፈለገም ሊያሳየው ግዴታ አለበት። ግን አስቡት፤ መብቱ እንዳለው የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? ድሮ ወረቀቱ ራሱ በየዓመቱ እየመጣ «ይሄ የአንተ ነው» ይል ነበር። አሁን ያንን የሚያስታውስ ነገር የለም።

በራሴ ደርሷል። አንድ ሆስፒታል ውስጥ 2 ዓመት ስሠራ ባጄን በየወሩ እቀይር ነበር፤ አሮጌውን እሰጣለሁ፣ አዲሱን እወስዳለሁ፣ በቃ። ውጤቱ የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። ሥራ ልለቅ ስል አንዲት ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባዬ «ወረቀትሽን ወስደሻል?» አለችኝ። የምን ወረቀት እንደሆነ እንኳን አልገባኝም ነበር። ጠየቅሁ፤ በ3ኛው ቀን ተሰጠኝ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር፤ ያልጠየቅሁት ስላልተነገረኝ ብቻ ነው።

በዚያው የ2007 ለውጥ ሌላም ነገር ቀረ። ቀድሞ አሠሪው ሠራተኛው በዕድሜ ዘመኑ በየሥራው ያጠራቀመውን ድምር መጠን ከቀድሞ አሠሪዎች ለማግኘት መሞከር ነበረበት። አሁን ይሄ የሚፈለገው የታቀደ ልዩ ተጋላጭነት ለሚባለው፣ አስቀድሞ ታቅዶ ከተለመደው ጣሪያ በላይ ለሚፈቀድበት ብርቅ ሁኔታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ድምሩን የሚይዝላችሁ ሌላ ሰው አለ ብላችሁ አትተማመኑ። እናንተው ያዙት።

100 ሚሊረም ብዙ ነው?

ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ የደረት ኤክስሬይ 10 ሚሊረም አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ሰው ከአፈር፣ ከሕዋና ቤት ውስጥ ከሚከማቸው ሬዶን ጋዝ በአማካይ በዓመት 310 ሚሊረም ገደማ ያገኛል። የሠራተኛ ዓመታዊ ጣሪያ 5,000 ሚሊረም ነው፣ በሌላው መለኪያ 50 ሚሊሲቨርት። ለተራው ሕዝብ ደግሞ ጣሪያው 100 ሚሊረም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 5,000 የአሜሪካ ቁጥር ነው። ሌላው ዓለም አብዛኛው የሚከተለው ዓለም አቀፍ ምክር በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ይሄ 2,000 ሚሊረም ማለት ነው። አስተያየት ስትጽፉ ይሄን ማንሳት ትችላላችሁ፣ እውነት ነውና።

100 ሚሊረም ራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሠራተኛ ሪፖርቱን ማየት ያለበት ግን ስለሚያስደነግጥ አይደለም። ባለፈው ዓመት 20 የነበረው ዘንድሮ 90 ከሆነ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው። የጨረራ መከላከያው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ መርፌ የምታዘጋጁበት ቦታ ሊቀየር ይችላል፣ ወይም የሰው እጥረት ስላለ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራችሁ ይሆናል። 90 ግን ከ100 በታች ነው። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

እንዴት ነው የምጠይቀው?

በጽሑፍ። ኢሜይል ይበቃል። የምትልኩት ለጨረራ ደኅንነት ኃላፊው ነው፤ ፈቃድ ያለው ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አለው። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «በክፍል 19 አንቀጽ 13 መሠረት ያለፈውን ዓመት የጨረራ መጠን ሪፖርቴን እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።» ስማችሁ፣ የሠራችሁበት ክፍል፣ ቀኑ። ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም።

ሥራ የለቀቀ ሰውም መብቱ አለው። የቀድሞ አሠሪ ጥያቄው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ሊመልስ ይገባል፤ የባጁ ውጤት ገና ካልታወቀም ከታወቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ። ሥራ ስትለቁ የዘንድሮውንም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የመጨረሻው ባጅ ገና ካልተነበበ ግምቱን ጽፈው፣ ግምት መሆኑን ገልጸው ይሰጧችኋል።

ነፍሰ ጡር ነኝ። መናገር አለብኝ?

ግዴታ የለባችሁም፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። በጽሑፍ ካሳወቃችሁ ግን ለፅንሱ የተለየ ጣሪያ ይያዛል፤ በእርግዝናው ጊዜ በሙሉ 500 ሚሊረም። በአንድ ወር ተከምሮ እንዳይመጣም አሠሪው መጠንቀቅ አለበት። በቃል ለአለቃችሁ መንገር አይበቃም። ሆዱ ስለታየም ሕጉ በራሱ አይጀምርም። ጽሑፍ ያስፈልጋል፣ የተፀነሰበት ግምታዊ ቀንም ይጻፍበታል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በጽሑፍ መተው ትችላላችሁ።

አደጋ ሲደርስ ለማን፣ መቼ ይነገራል?

እንደ መጠኑ ነው። አንድ ሰው 25,000 ሚሊረም ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ ወይም ሊያገኝ ይችል ከነበረ አሠሪው ወዲያው ለኤንአርሲ ማሳወቅ አለበት። ከ5,000 በላይ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ። የጽሑፍ ሪፖርቱ በ30 ቀን ይከተላል። ስለ እናንተ መጠን ለኤንአርሲ ሪፖርት ከተላከ ደግሞ ለእናንተም መላክ አለበት፣ ለመንግሥት ከሄደበት ቀን ሳይዘገይ። ስለ ራሳችሁ አካል ከእናንተ በፊት ዋሽንግተን እንድትሰማ ደንቡ አይፈቅድም። ይህ አንቀጽ ማንም እንዲነካው አልፈልግም።

ችግሩ ዕቃው ላይ ከሆነስ?

ለዚያ ክፍል 21 የሚባል ሌላ ደንብ አለ። ደኅንነትን በእጅጉ ሊጎዳ የሚችል ጉድለት ያለበት ዕቃ ከተገኘ፣ የሸጠውም የገዛውም በ60 ቀን ውስጥ መርምሮ ጉድለቱ እውነት ከሆነ ለኤንአርሲ ማሳወቅ አለበት። ኃላፊው ካወቀ በኋላ በ2 ቀን የመጀመሪያው ማስታወቂያ፣ በ30 ቀን ጽሑፉ ይላካል። አውቆ የደበቀ ኃላፊ በግሉ በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል።

ብናገር ያባርሩኛል?

ሕጉ ይከለክላል፤ ያ ማለት ግን አይሆንም ማለት አይደለም። ስለዚህ የመከላከያውን አሠራር፣ በተለይ የቀን ገደቡን፣ ቀድማችሁ እወቁ።

የቬራ ኢንግሊሽን ታሪክ ብታውቁ ጥሩ ነው። ዊልሚንግተን፣ ሰሜን ካሮላይና ባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ የኑክሌር ነዳጅ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። የሥራ ጠረጴዛዎች በሬዲዮአክቲቭ ቁስ እየተበከሉ ሳይጸዱ እንደሚቀሩ ለኩባንያውም ለኤንአርሲም ተናገረች። ሰሚ ስታጣ አንድ ቀን የተበከለውን ቦታ ሳታጸዳ በቀይ ቴፕ ከልላ ለአለቆቿ አሳየች። ኩባንያው አውቀሽ አላጸዳሽም ብሎ ከሰሳት፤ በ1984 ከሥራ ወጣች። ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር ሄደች። እዚያ ጉዳዩን ያየው ዳኛ ኩባንያው በድሏታል አለ። ሚኒስትሩ ግን አቤቱታዋ በጊዜው አልቀረበም ብሎ ውድቅ አደረገው፤ በዚያን ጊዜ የተሰጠው ገደብ 30 ቀን ብቻ ነበርና። በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግዛቱ ሕግ መክሰስ እንደምትችል በአንድ ድምፅ ፈረደላት።

በ1992 ኮንግረስ ገደቡን ወደ 180 ቀን አሳደገው። ዛሬም 180 ነው። ከተባረራችሁበት፣ ከደረጃ ዝቅ ካላችሁበት ወይም ፈረቃችሁ ሆን ተብሎ ከተበላሸበት ቀን ጀምሮ ቁጠሩ። አቤቱታው የሚቀርበው ለኤንአርሲ አይደለም፤ በሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ላለው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለኦሻ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤንአርሲ አሠሪውን ሊቀጣ ይችላል፣ ሥራችሁንና ደሞዛችሁን ማስመለስ ግን አይችልም። ያንን የሚያደርገው የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የመጨረሻ ውሳኔ ካልሰጠ ደግሞ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

የደኅንነት ጉዳይን ለኤንአርሲ በቀጥታ ለመናገር 1-800-695-7403 ይደወላል። ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ደብዳቤው ለአሠሪው ሊታይ ይችላል፤ ስማችሁ እንዳይታይ ከጠየቃችሁ ግን ይወጣል። ጠይቁ።

የሕዝብ አስተያየት የሚሉት ምንድነው?

የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደንብ ሲያወጣ ወይም ሲቀይር፣ ከ1946 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት መጀመሪያ ረቂቁን ፌዴራል ሬጅስተር በሚባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ያወጣል። ከዚያ የተወሰነ ጊዜ፣ 30፣ 60 ወይም 75 ቀን ሊሆን ይችላል፣ ማንም ሰው ሐሳቡን ይጽፋል። ማንም ስል ማንም ማለቴ ነው። ዜግነት አይጠየቅም፣ ዲግሪ አይጠየቅም፣ ጠበቃ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ረቂቅ ዶኬት ቁጥር የሚባል የራሱ የመዝገብ ቁጥር አለው፤ ሬጉሌሽንስ ዶት ጎቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብታችሁ አስተያየት ማስገቢያውን ተጭናችሁ ትጽፋላችሁ። በፖስታም ይላካል።

ድምፅ እንደመስጠት አይደለም፤ ብዛት አያሸንፍም። መሥሪያ ቤቱ ግን የመጨረሻውን ደንብ ሲያወጣ ክብደት ላላቸው ነጥቦች በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ካልመለሰ ፍርድ ቤት ደንቡን ሊሽርበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥሩ አስተያየት፣ ኮፒ እየተደረጉ ከተላኩ ሺህ ደብዳቤዎች ይበልጣል።

አሁን ለምን ይሄን ታነሺብናለሽ?

በግንቦት 23፣ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ 14300 የሚል ቁጥር ያለው ትእዛዝ ፈርመዋል። ኤንአርሲ ደንቦቹን በሙሉ ከልሶ በ9 ወር ውስጥ ረቂቆችን፣ በ18 ወር ውስጥ የመጨረሻዎቹን እንዲያወጣ ያዛል። የጨረራ መጠን «የሚቻለውን ያህል ዝቅ ይበል» የሚለውን የቆየ መርህና የማንኛውም ትንሽ መጠን ጉዳት ከመጠኑ ጋር አብሮ ያድጋል የሚለውን አስተሳሰብ እንደገና እንዲያይም ይጠይቃል።

በዚህ ፍጥነት ይሄን ያህል ደንብ ሲከለስ፣ ስለ ሠራተኛ ማሳወቂያ የሚሉት አጫጭር አንቀጾች በማንም ሳይታዩ ሊያልፉ ይችላሉ። አንዳንዱ ለውጥ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ለውጥን ሁሉ አልቃወምም። ግን ከ100 ሚሊረም በታች ያገኘው ሰው በ2007 ወረቀቱ ሲቀርበት ስንቶቻችን አውቀን ነበር? እኔ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሳይንቲስት አይደለሁም። ምን ልጽፍ እችላለሁ?

ሳይንሱን ለሳይንቲስቶቹ ተዉት። እናንተ የምታውቁት እነሱ የማያውቁትን ነው። ባጁ የት እንደሚቀመጥ። ሥልጠናው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ በምን ቋንቋ እንደተሰጠ። ፎርም 3 ማንም የማይገባበት ጓዳ ውስጥ ተለጥፎ እንደሆነ። ሪፖርት ስትጠይቁ ምን እንደተባላችሁ። ኩባንያዎች ጥሩ ጠበቃ ስላላቸው ወጪያቸውን በዶላር አስልተው ይጽፋሉ። ፈረቃውን የሠራው ሰው ካልጻፈ ግን የሠራተኛው ወገን ባዶ ይሆናል።

መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ቀጥሎ ስለየትኛው አንቀጽ እንደምትጽፉ፣ ቁጥሩን ጥቀሱ። ከዚያ ያያችሁት። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉት ለውጥ፣ ቁርጥ ባለ ቃል። ለምሳሌ፦

«ለ6 ዓመት የኑክሌር ሕክምና ቴክኖሎጂስት ሆኜ ሠርቻለሁ። የምጽፈው ስለ ክፍል 19 አንቀጽ 13 ነው። መጠኔ በየዓመቱ ከ100 ሚሊረም በታች ስለነበር ሪፖርት ሳይደርሰኝ ቆይቷል፤ መጠየቅ እንደምችልም በሥልጠናው አልተነገረኝም። ማሳወቂያው ለሁሉም ሠራተኛ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ይህ ካልተቻለ፣ አሠሪው በዓመት አንድ ጊዜ በኢሜይል ‹ሪፖርትህ አለ፣ መጠየቅ ትችላለህ› ብሎ እንዲያሳውቅ ደንቡ ይዘዝ። ዛሬ ውጤቱ በኮምፒውተር ስለሚያዝ በ2007 የተነሳው የወረቀት ጫና ቀንሷል።»

በቃ። ከገጽ አይበልጥም፣ ቢበልጥም አይጠቅምም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ በቀድሞው ውሳኔ ምክንያት ላይ በቀጥታ ስለሚመጣ መሥሪያ ቤቱ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይከብደዋል። «ኩባንያዎች ለሰው አያስቡም» ብላችሁ ብትጽፉ ግን መልስ የሚያስፈልገው ነገር አልጻፋችሁም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ቀላል እንግሊዝኛ ይበቃል፤ ሰዋስው የሚያርም የለም። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት፣ ሐሳቡ ይጥራ፣ ከዚያ ልጃችሁ ወይም የምታምኑት ሰው ይተርጉመው። ቁጥሮቹንና የአንቀጽ ቁጥሮቹን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ስሜ ይታያል?

አዎ። የጻፋችሁት በሙሉ፣ ስልክና አድራሻ ካስገባችሁ እሱም፣ ለዓለም ሁሉ ይታያል። ኤንአርሲ የግል መረጃችሁን አጽድቶ አያወጣላችሁም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበትን የጨረራ ሪፖርታችሁን በፍጹም አያይዛችሁ አትላኩ። ስም ሳይጻፍ መላክ ይቻላል።

ይሄን ደግሞ በደንብ ለዩት። አስተያየት ስለ ደንቡ ነው። «በእኛ ክፍል አሁን እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር አለ» የምትሉ ከሆነ የሕዝብ አስተያየት ላይ አትጻፉት፤ ቅድም በሰጠኋችሁ ስልክ ደውሉ። እዚያ ማንነታችሁን ለመጠበቅ የሚሞክር አሠራር አለ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ግን ምንም የለም።

ቀኑ አልፎብኝ ከሆነስ?

ዘግይቶ የደረሰውን ጊዜ ካላቸው ያዩታል፤ ላኩት። በዚያ ጉዳይ ላይ ምንም የተከፈተ ረቂቅ ከሌለ ደግሞ ደንብ እንዲወጣ ወይም እንዲቀየር ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ይሄ ማንም ሰው ያለው መብት ነው። ችግሩን፣ የምትፈልጉትን መፍትሔና ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ታስገባላችሁ፤ ከተቀበሉት የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል።

አገር ቤት ላሉትስ?

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 ነው፤ የጨረራ መከላከያ ሕግ ያወጣችው ደግሞ በ1993። በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ተፈርሟል። ጣቢያው ሳይሠራ፣ ሠራተኛው ገና ሳይቀጠር፣ «ሠራተኛው መጠኑ በየዓመቱ በጽሑፍ ይሰጠው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ደንቡ ውስጥ ማስገባት ቀላል ነው። በኋላ ከባድ ይሆናል። እዚህ በዚህ ሙያ ያላችሁ ሰዎች ለዚያ የምታካፍሉት ብዙ አላችሁ።

የድሮ አሠሪዬ ተዘግቷል። መጠኔን ከየት አገኛለሁ?

የት እንደሠራችሁ ይወስነዋል። የኃይል ማመንጫዎች፣ የብየዳ ፍተሻ ድርጅቶች፣ የኑክሌር ነዳጅ ፋብሪካዎችና ሌሎች ጥቂት ዓይነት ድርጅቶች የእያንዳንዱን ሠራተኛ መጠን በየዓመቱ እስከ ሚያዝያ 30 ለኤንአርሲ ይልካሉ፤ አንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ይገባል። እነዚህ ቦታዎች የሠራችሁ ከሆነ ፈርማችሁ ከዚያ መዝገብ የራሳችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሆስፒታል ግን ይሄን እንዲልክ አይገደድም። ሆስፒታሉ መዝገባችሁን ፈቃዱ እስኪያበቃ ድረስ መያዝ አለበት፤ ሲዘጋ ወይም ሲሸጥ ፍለጋው ከባድ ነው። ባጁን ያነበበው ኩባንያ ኮፒ ሊኖረው ስለሚችል እዚያም ጠይቁ። አሁን እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት በዚህ ሳምንት በኢሜይል ጠይቁ። ሲመጣ ስማችሁና የባጅ ቁጥራችሁ ትክክል መሆኑን፣ ባዶ የሆነ ወር አለመኖሩን እዩ። ባዶ ወር ካለ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዚያ ከፓስፖርታችሁና ከልጆቹ የልደት ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።